ሰባት ቤት የተቆጠረላት መኪና

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ልትሉኝ ነው፤ አውቃለሁ። ዛሬ በበረቱ ውስጥ ያለችው ግን ላም አይደለችም። ወተት አትሰጥም፣ ጥጃ አትወልድም፣ እበቷ እንኳ ለማገዶ አይሆንም። ቤንዚን ትጠጣለች፤ ጠጥታ ታጓራለች። ጆሮ ያለው ቀረብ ይበል፤ መኪና ሊለውጥ ያሰበ ደግሞ ከፊት ይቀመጥ።

ድሮ ነው። እንስሳት ይናገሩ ነበር፤ ብረትም ይናገር ነበር። ዛሬ ዝም ያሉት አፍ አጥተው እንዳይመስላችሁ፤ ሰሚ አጥተው ነው። በዚያን ዘመን፣ አንድ አስፋልት ብቻ ባላት ከተማ፣ ጥጋቡ የሚባል ሰው ይኖር ነበር። ስሙ ጥጋቡ ይባል እንጂ ጠግቦ አያውቅም። ይህ ሰው ነበልባል የምትባል ቀይ መኪና ነበረችው። ከባሕር ማዶ የመጣች፣ ባለ ሁለት በር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ኮፋኖዋ ከፊት ቀድሞ የሚደርስ፣ ባለቤቷ ኋላ የሚደርስ። ተራራ የሚነቅል ጉልበት አላት ይባልላት ነበር።

በዚያ ሁሉ ጉልበት ሃያ ዓመት ሙሉ የት የት ሄደች ብትሉኝ፣ ከወፍጮ ቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ወፍጮ ቤት። አስፋልቱ እዚያ ላይ ያልቃላ።

ጥጋቡ ጠዋት ጠዋት ያጥባታል፤ ይወለውላታል፤ በመዳፉ ይዳብሳታል። መንገደኛ ሲያልፍ «ስምንት ሲሊንደር ናት» ይላል። ያልጠየቀውንም ጠርቶ «ስምንት ሲሊንደር ናት» ይላል። ከኮፋኖው ሥር ምን እንዳለ ግን አንድም ቀን አይቶ አያውቅም። ለምን ብሎ? ጥጋቡ ነጭ ሱሪ ለባሽ ነው፤ ኮፋኖ መክፈት የመካኒክ ሥራ ነው። መኪናዋ ስትታመም ዝንጀሮ ጋራዥ ያስገባታል፤ ስትድን ይወስዳታል። ዝንጀሮ ጎበዝ መካኒክ ነበር። እንዴት እንደሚያድናት የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ ያልተጠየቀውን መናገር ደግሞ ነውር ነው።

አንድ እሑድ ሰርግ ሆነ። ሙሽራዋን ከወንዝ ማዶ ይዛ የመጣችው መኪና መብረቅ ትባላለች። ጥቁር ናት። ባለ ሁለት በር ናት። ባለ ስምንት ሲሊንደር ናት። ልክ ነበልባልን ናት፤ ልዩነቷ የሰው መሆኗ ነው። ጥጋቡ ያን ዕለት ሙሽራዋን አላየም፤ ሙሽራውን አላየም፤ ፊቱ የቀረበውን ጥብስ እንኳ አላየም። መኪናዋን ሲያይ ዋለ። ሰርገኛው «እልል» ሲል እሱም «እልል» አለ፤ ለማን እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው።

በማግስቱ ወንዙን ተሻግሮ ወደ መብረቅ ባለቤት ወደ ቀኛዝማች አምዴ ሄደ።

«ቀኛዝማች፣ መብረቅን ይሽጡልኝ» አለ።

ቀኛዝማች አምዴ ሽማግሌ ናቸው፤ ልጅ የላቸውም። ያቺ መኪና ናት ልጃቸው።

«የኔ ልጅ፣ እኔ መኪና አልሸጥም» አሉት፤ «እድራለሁ እንጂ።»

«ምን አሉኝ?»

«እድራለሁ ነው ያልኩህ። ወግ አለ፤ ሥርዓት አለ። ሽማግሌ ትልካለህ። ሽማግሌዎችህ ሦስት ጊዜ ደጅ ይጠናሉ። ጥሎሽ ታመጣለህ። ደግሞ ይህን እወቅ፤ እኔ በጣውንት ላይ ልጄን አልሰጥም። ያቺ ቀይቱ ከቤትህ ሳትወጣ ይቺ ከቤቴ አትወጣም።»

ሌላ ሰው ቢሆን «ሽማግሌው ጃጅተዋል» ብሎ ይመለስ ነበር። ጥጋቡ ግን እጅ ነስቶ፣ ደስ ብሎት፣ እንደ ሙሽራ እየተውረገረገ ወደ ቤቱ ሄደ። ነገሩ እንግዲህ ጥርት ብሎ ቀረበለት። መብረቅ እንድትመጣ ነበልባል መሸጥ አለባት።

በከተማዋ ውስጥ ነበልባልን እገዛለሁ ያለ አንድ ብቻ ነበር፤ አያ ጅቦ። አያ ጅቦ ቆራሌ ነው። በየሰፈሩ እየዞረ አሮጌ ብረት ይሰበስባል፤ የሰበሰበውን ይቆራርጣል፤ የቆራረጠውን የከሰል ማንደጃ አድርጎ ይሸጣል። ይህን የማያውቅ የለም። ጥጋቡም ያውቃል። ለዚያ ቀን ግን አያ ጅቦ ክራቫት አስሮ መጣ።

«እኔ እኮ የጥንት ዕቃ አፍቃሪ ነኝ» አለ፣ ኮፋኖዋን በአፍንጫው እያሸተተ።

«ትቆራርጣታለህ የሚሉ አሉ።»

«እኔ? እንዲህ ያለችውን ቀይ? በዓይኔ ብቻ ነው የምበላት።»

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ይኼኛው በሚያውቁት አገር ነው የተነጠፈለት። ለካ አንድ ክራቫት ብቻ ነበር የጎደለው።

ጥጋቡ «እስቲ ላስብበት» አለ። ማሰብ ማለት በእሱ ዘንድ፣ የወሰነውን ነገር «ልክ ነህ» የሚለው ሰው መፈለግ ነው። ፈለገ። ሦስት ጠየቀ።

መጀመሪያ ሚስቱን የውብዳርን ጠየቀ። በርበሬ እየቀነጠሰች ነበር።

«የውብዳር፣ ነበልባልን ሸጬ መብረቅን ላምጣ ወይስ ይቅርብኝ?»

«ምንና ምን ናቸው?»

«ይቺ ቀይ ናት፤ ያቺ ጥቁር ናት።»

«ቀለም ገዝተህ ቀባታ።»

«አይ አንቺ፣ መኪና የሚባል ነገር አልገባሽም።»

«መኪና ባይገባኝ አንተ ትገባኛለህ። በእኔ ላይ ያላመጣኸውን ጣውንት በእሷ ላይ ልታመጣ ነው። ደግሞ በእኔ ላይ ያላመጣኸው ፍቅር ይዞህ እንዳይመስልህ፤ ከቤንዚን የሚተርፍ ስላልነበረህ ነው።»

ጥጋቡ «ሴት ከቅናት አትድንም» ብሎ ወጣ። ልክ ነህ አላለችውማ።

ቀጥሎ ክሪክን ጠየቀ። ክሪክ ያ ጎማ ሲቀየር መኪና የሚያነሳው ብረት ነው። ሃያ ዓመት ከነበልባል ሥር እየገባ ያነሳት፣ ወገቡ የጎበጠ፣ ምላሱ ያልጎበጠ ሽማግሌ ነበር።

«ክሪክ፣ አንተስ ምን ትላለህ? ልሽጣት ወይስ ልተዋት?»

«ጋሽ ጥጋቡ፣ እርስዎ ከላይ ያውቋታል፤ እኔ ከታች አውቃታለሁ። ከመሸጥዎ በፊት አንድ ጊዜ ጎንበስ ብለው ይመልከቷት።»

«ምኑን ነው የምመለከተው?»

«ያለውን።»

«ሱሪዬን አታይም እንዴ? ነጭ እኮ ነው።»

«እንግዲያው ሱሪዎን ያማክሩ» አለ ክሪክ።

ጥጋቡ «ድሮስ ከጎባጣ ምን ቀና ነገር ይገኛል» ብሎ የኋላ ዕቃ መጫኛውን ክዳን ዘጋበት።

በመጨረሻ ራሷን ነበልባልን ጠየቃት። ጠየቃት ማለት እንኳ አይደለም፤ ሊያባብላት ሄደ።

«ነበልባልዬ፣ እንዳትቀየሚኝ።»

«አልቀየምህም። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። እኔና መብረቅ...»

«አውቃለሁ፤ ትቀኚያለሽ።»

«ቅናት አይደለም። እኔና መብረቅ በዝንጀሮ ጋራዥ...»

«ጋራዥ መቼ ነፈግሁሽ? ስታስነጥሺ እንኳ ወስጄሻለሁ። ምን አጎደልሁብሽ?»

«እሺ፣ ይህን ብቻ መልስልኝ። ካንተ ጋር በኖርሁበት ዘመን ድምፄ ተለውጧል። ሰምተኸኝ ታውቃለህ?»

«ድምፅሽማ ሁልጊዜም ያው ነው» አለ ጥጋቡ፤ ማሞገሱ ነበር።

ነበልባል አዘነች። መኪና ሲያዝን ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ከሥሯ ዘይት ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አለ። ጥጋቡ ዘይቱን አየና «ይኸው፣ አርጅታለች» አለ። በቃ፣ የሚፈልገውን ምክር አገኘ።

ሽማግሌዎቹን መረጠ። ኤሊን መረጠው፤ ቸኩሎ ስለማያውቅ። በቅሎን መረጠው፤ ቁመናው ለወግ ስለሚያምር። ዝንጀሮን መረጠው፤ መኪና ስለሚያውቅና ወንዙን እየተመላለሰ የሁለቱንም ከተማ መኪና የሚጠግን እሱ ብቻ ስለነበረ። ሦስቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ፤ በቀኛዝማች አምዴ ደጅም ቆሙ።

«ለምን ጉዳይ መጣችሁ?» አሉ ቀኛዝማች።

«ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ልንለምን» አለ ኤሊ።

«ልጃችሁ ጠባዩ እንዴት ነው?»

ኤሊ አሰበ፤ አሰበ፤ ፀሐይ እስክትዞር አሰበ። «ሱሪው ነጭ ነው» አለ።

«ጠባዩን ነው የጠየቅሁ።»

«ከዚህ ሌላ ያየንበት የለም።»

«ሂዱና ሌላ ቀን ተመለሱ» አሏቸው።

በሳምንቱ ተመለሱ። ቆሙ።

«ለምን መጣችሁ?»

«ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ልንለምን።»

«የልጃችሁ ዘር ምንድን ነው? አባቱ ማን ይባላል?»

ይህን ጥያቄ የሚመልሰው በቅሎ ነበር፤ ተራው ነው። በቅሎ ደግሞ አባትህ ማነው ሲባል የሚመልሰው አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው። ጉሮሮውን ጠረገና «እናቱ ፈረስ ናት» አለ።

ቀኛዝማች በቅሎን አዩት። ኤሊ አንገቱን ወደ ውስጥ አስገባ።

«ሂዱና ሌላ ቀን ተመለሱ።»

ጥጋቡ ይህን ሁሉ ሲነግሩት ደስ አለው። «ሁለት ጊዜ መመለስ ደንብ ነው፤ በሦስተኛው ይሰጣሉ» አለ። እውነቱን ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ቀን ሳይደርስ ነበልባል ከቤት መውጣት ነበረባት። አያ ጅቦን አስጠራው። አያ ጅቦ በክራቫቱ መጣ። ጥጋቡ ሊብሬውን ሰጠው፤ ቁልፉን ሰጠው፤ ጥሎሽ የሚሆነውን ተቀበለ።

ነበልባል ሞተሯ ሲነሳ «ጥጋቡ» አለችው።

«አቤት።»

«ደህና ሁን።»

ጥጋቡ ሌላ ነገር ትላለች ብሎ ነበር። ልቅሶ ቢሆን «አርጅታለች» ይል ነበር፤ ስድብ ቢሆን «ቀንታለች» ይል ነበር። ለ«ደህና ሁን» የተዘጋጀ መልስ አልነበረውም። ቆሞ ቀረ። የውብዳር ከበር ላይ ሆና መኪናዋ ከዓይን እስክትሰወር አየች፤ ከዚያ ወደ በርበሬዋ ተመለሰች። ለባሏ አንድ ቃል አልተናገረችም። ጥጋቡም ይህን ስምምነት ነው ብሎ ወሰደው።

ሦስተኛው ቀን ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ሄዱ። ሙሽራ በልመናው ቦታ አይገኝም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ጥጋቡ ከአጥሩ ኋላ ተደብቆ ቆመ፤ ይኼኛው ነውር አይደለም መሰለው።

«ለምን መጣችሁ?»

«ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ልንለምን።»

«ቀይቱ ከቤት ወጥታለች?»

«ወጥታለች።»

«እንግዲያው ተቀመጡ» አሉ ቀኛዝማች አምዴ። ከአጥሩ ኋላ ያለው ሙሽራ ልቡ ዘለለች። «ተቀመጡ» ከተባለማ አለቀ።

አላለቀም። «አንድ ነገር ብቻ ይቀራል» አሉ ቀኛዝማች። «ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። ሰው እህትን ፈትቶ እህትን አያገባም። በዚያ ቤት የነበረችው ቀይ መኪና ከልጄ ጋር እስከ ሰባት ቤት ዝምድና እንደሌላት ይጣራልኝ። ዝንጀሮ፣ የሁለቱም መካኒክ አንተ ነህ። ማልና ቁጠር።»

ዝንጀሮ ራሱን አከከ። ጀርባውን አከከ። የሚታከክ ቦታ ሲያጣ ማለ።

«የልጄ ሞተር የማን ነው?» አሉ ቀኛዝማች።

«የነበልባል ነው።»

«ምን?»

«መብረቅ ሞተሯ የታመመ ጊዜ ነበልባል ለሌላ ሕመም ጋራዥ ተኝታ ነበር። ፈትቼ ለመብረቅ አሰርሁላት፤ እርስዎ ለፋሲካ ይፈልጓት ነበራ። የመብረቅን ደግሞ ጠግኜ ለነበልባል አሰርሁላት።»

«ካምቢዮውስ?»

«እሱም እንደዚያው ነው። የዚህችኛዋ እዚያ፣ የዚያችኛዋ እዚህ።»

«መሪው?»

«የነበልባል ነው።»

«ፍሬኑ?»

«የነበልባል ነው።»

ቀኛዝማች በጣታቸው አራት ቆጠሩ። «ራዲያተሩ?» አሉ። ድምፃቸው ቀጠነ።

«ጌታዬ፣ መለዋወጫ ከየት ይምጣ? በአገሩ ሁለት ብቻ ናቸው። አንዷ ስትታመም ከሌላዋ ፈትቼ አስራለሁ፤ ያቺ ስትመጣ ከዚህችኛዋ ፈትቼ አስራለሁ። ራዲያተሩም፣ አራቱ ጎማም፣ ወንበሩም እንዲሁ ተሻግሯል። ሃያ ዓመት የኖርነው እንዲህ ነው። ሁለቱም ባለቤቶች ሲረከቡ 'እንዳዲስ ሆነች' ብለው መርቀውኛል። ቅር ያለው የለም።»

«ይኸው ሰባት ሞላ» አሉ ቀኛዝማች፣ ጣታቸውን እያዩ። «ታዲያ የልጄ የራሷ የሆነው ምንድን ነው?»

«ላሜራዋና ቀለሟ።»

«የቀይቱስ?»

«የእሷም ላሜራዋና ቀለሟ። እውነቱን ካወጣን ጋሽ ጥጋቡ ሲነዷት የኖሩት መብረቅን ነው። ቀይ ለብሳ ነው እንጂ።»

ያኔ መብረቅ ከመጋረጃዋ ኋላ፣ ከግቢው ጋራዥ ውስጥ ተናገረች። «ማንም አልጠየቀኝም እንጂ በመጀመሪያው ቀን እነግራችሁ ነበር» አለች። «ስንት ሽማግሌ ሲመላለስ ሙሽራዋን 'አንቺስ?' ያለ አንድ ሰው አልተገኘም።»

ቀኛዝማች ብድግ አሉ። «ይህማ ዝምድና እንኳ አይደለም፤ አንድ ገላ ነው። ጋብቻው ፈርሷል» አሉ።

ከአጥሩ ኋላ የነበረው ሙሽራ ግን ይህን አልሰማም። «ቀይ ለብሳ ነው እንጂ» የሚለውን ሰምቶ ሮጧል። ወደ አያ ጅቦ ግቢ ነበር የሚሮጠው። ያን መንገድ ነበልባል በአንድ ማጓራት ትጨርሰው ነበር፤ በእግር ግን ለካ ግማሽ ቀን ነው። ሮጠ፤ ደከመው፤ ተራመደ፤ ደግሞ ሮጠ። ነጩ ሱሪ እሾህ ላይ ተቀደደ። መንገድ ላይ አንዲት መኪና ከኋላው መጣችና አቧራ አልብሳው አለፈች። ጥጋቡ ዓይኑን ጨፍኖ ጥጉን ያዘ፤ የማን እንደነበረች አላየም።

ደረሰ። አያ ጅቦ ክራቫቱን አውልቆ መዶሻ ይዟል። በግቢው ውስጥ ቀያይ ማንደጃዎች ተደርድረዋል።

«ነበልባል የታለች?» አለ ጥጋቡ።

«የትኛዋ? ትልቋ ወይስ ትንሿ?» አለ አያ ጅቦ፣ ማንደጃዎቹን እያሳየ።

«በዓይኔ ብቻ ነው የምበላት አላልኸኝም?»

«በዓይኔ ነበር የጀመርሁት። ዓይን እኮ አያጠግብም፣ ጋሽ ጥጋቡ። እርስዎ ይህን ያጡታል?»

«ሞተሯስ?» አለ ጥጋቡ። «ውስጧስ? እሱን ልውሰድ፤ የፈለግኸውን ጠይቀኝ።»

«ዘገዩ። ቀኛዝማች አምዴ ዝንጀሮን አስከትለው መጥተው ሁሉንም ጫኑት። ለልጄ መለዋወጫ ይሁናት ብለው ነው። በመብረቅ ነው የመጡት፤ መንገድ ላይ አላለፉዎትም?»

ጥጋቡ መሬት ላይ ቁጭ አለና አለቀሰ። አትሳቁበት፤ እዚህ ላይ እኔም አልስቅም። ይወዳት ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በገዛ እጁ አጥቧታል። ሲያጥባት አንድ ቀን «እስቲ ንገሪኝ» ብሎ ዝም ቢል ኖሮ ትነግረው ነበር።

አንዲት ማንደጃ ገዝቶ ወደ ቤቱ ሄደ። የውብዳር ማንደጃዋን ተቀበለች፤ ቀዩን ቀለም አየች። ልትተርበው አፏን ከፈተች፤ ፊቱን አየችና ዘጋችው። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ስለ መኪና የተነጋገረ የለም።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ጥጋቡ በአስፋልቱ ዳር በእግሩ ሲሄድ ጥቁሯ መኪና ከኋላው መጣችና አጠገቡ ቆመች። ዝንጀሮ ለቀኛዝማች ብሎ ከነበልባል የተጫነውን የራሷን ዕቃ ሁሉ ወደየቦታው መልሶ አስሮላታል። ሞተሯ ቀስ ብሎ ይመታል። ጥጋቡ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሞ ሞተር አዳመጠ። ያውቀዋል፤ ያን ድምፅ ያውቀዋል።

«ጥጋቡ፣ ላድርስህ?» አለችው።

«አንቺ ማን ነሽ?» አላት።

«አሁን ነው የምትጠይቀኝ?» አለች መኪናዋ። እሱም አቀርቅሮ «ለጤናዬ ብዬ ነው በእግሬ የምሄደው» አላት፤ አለፈችው።

እንግዲህ ተረቴን መልሱ። አፌን በዳቦ ማበሱ ይቅርባችሁና እጄን በጨርቅ አብሱልኝ፤ ግራሶ ነክቶኛል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ልትሉ አፋችሁን አሹላችኋል። ተዉ፣ እሷን አትስደቧት። የእሷ የቆጡ ሌላ፣ የብብቱ ሌላ ነበር። ጥጋቡ ግን ከቆጥ ላወርድ ብሎ የተንጠራራው ያንኑ በብብቱ የያዘውን ነው።